ኢፓኔት፣ ዋተርካድ ወይስ ዋተርጄምስ? ዶላር ከመፈለጋችሁ በፊት

የከተማ ውሃ መስመር የሚነድፍ ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። የውሃውን ግፊትና ፍሰት የሚያሰላው ነጻው የኮምፒውተር ፕሮግራም ኢፓኔት ይበቃኛል? ወይስ ቤንትሊ የተባለው ኩባንያ የሚሸጣቸውን ዋተርካድን ወይም ዋተርጄምስን ልግዛ?

ስሌቱ ላይ ያን ያህል ልዩነት የለም። ሦስቱም ቧንቧ ውስጥ የሚባክነውን ግፊት በሄዘን-ዊሊያምስ ወይም በዳርሲ-ዋይስባክ ቀመር ያሰላሉ። ያንኑ መስመርና ያንኑ ፍጆታ ብትሰጧቸው መልሳቸው ይቀራረባል። ገንዘቡ የሚወጣው እጃችሁ እንዲያርፍ ነው።

ኢፓኔት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሥራ ነው፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ላይሰንስ የለ፣ የቧንቧ ብዛት ገደብ የለ። መልኩ ግን አርጅቷል። በስህተት የሰረዛችሁትን ኖድ (ቧንቧዎች የሚገናኙበትን ነጥብ) የሚመልስ ቁልፍ እንኳ የለውም! ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ። የየኖዱን የመሬት ከፍታ በእጅ መክተብ 200 ኖድ ላይ ይቻላል፤ 3 ሺህ ላይ ዓይን ያጠፋል። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ የሚጫነው ነጻው ኪውጂአይኤስ ሬድ ሸክሙን በጣም ያቀላል።

ዋተርካድ ከፍታውን ከመሬት ሞዴል ፋይል ራሱ ያነባል። የዛሬውን፣ የዛሬ 10 ዓመቱን፣ ፓምፕ የቆመበትን ሁኔታ ፋይል ሳታባዙ እዚያው ጎን ለጎን ታስኬዳላችሁ። አማካሪ ድርጅት ከሆናችሁ ይህ ብቻ ዋጋውን ያወጣል። ዋጋ ስትጠይቁ የቧንቧ ብዛት ገደብ እንዳለው አጣሩ።

ዋተርጄምስ አርክጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ውስጥ መሥራትንና ዳርዊን የተባለውን ማስተካከያ ይጨምራል። ዳርዊን መስክ ላይ የተለካውን ግፊት ይዞ የቧንቧውን ሻካራነት ያስተካክላል። የግፊት ንባብ ከሌላችሁ ግን በግ ሳይገዙ ቢላ መሳል ነው።

ለእኛ አገር ዋናው ጉዳይ ፈረቃ ነው። የተለመደው ስሌት ግፊቱ ቢወርድም እያንዳንዱ ቤት የሚፈልገውን ውሃ ያገኛል ብሎ ይነሳል። ውጤቱ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ግፊት የምታዩት ለዚህ ነው። እውነታው ሌላ ነው። አዲስ አበባን አስቡ፤ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ብዙ መቶ ሜትር ቁልቁለት አለ። 10 ሜትር ቁልቁለት ወደ 1 ባር ግፊት ነው። አንድ መስመር ላይ ከታች ያለው ሰፈር ሮቶውን ሲሞላ ከላይ ያለው ጠብ አይልለትም። ይህን የሚያሳየው በግፊት ላይ የተመሠረተ ስሌት ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ቤቱ የሚያገኘውን ውሃም ይቀንሳል። የቤንትሊዎቹ አላቸው፤ ኢፓኔትም 2020 እ.ኤ.አ. ላይ በወጣው እትም 2.2 አካቶታል። እንግዲህ የድሮውን 2.0 እንዳታወርዱ። እንዲያም ሆኖ ሦስቱም ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ ነው ብለው ነው የሚያሰሉት። ፈረቃው ሲደርስ ባዶው መስመር እየሞላ የሚያልፉትን ሰዓታት አትጠብቁባቸው።

የትንሽ ከተማ ውሃ አገልግሎት ብሆን ሳላወላዳ በኢፓኔት እሠራለሁ። ዋተርጄምስን የምገዛው አርክጂአይኤስና የግፊት መለኪያ ቀድሞ ካለኝ ብቻ ነው። ደግሞ የኢፓኔት ፋይል የቤንትሊዎቹ ላይ ይከፈታል፤ በነጻው ጀምራችሁ ሲጠብባችሁ ብትገዙ የለፋችሁበት ሞዴል አይባክንም።