ለመጨረሻው መንጋጋ ሕመም፦ ከሰፈር ፋርማሲ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር

በአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሥር የተከፈቱት ፋርማሲዎች ለጥርስ ሕመም የሚይዙት ዕቃ እምብዛም አይለያይም፦ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል፣ አሞክሳሲሊን፣ የአፍ መጉመጥመጫ፣ አልፎ አልፎም ማደንዘዣ ጄል። የመጨረሻው መንጋጋ፣ ሐኪሞቹ ዊዝደም ቱዝ የሚሉት፣ መውጣት የጀመረበት ሰው ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን ይዞ ይሄዳል። ከመደርደሪያው ሁሉ ግን የሚበልጠው ማንም ለጥርስ ብሎ የማይጠይቀው፣ ዋጋውም ከሁሉም የሚረክሰው ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ነው።

ለምን ቢባል፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሰቃየው የጥርሱ መውጣት ብቻ አይደለም። ይህ ጥርስ ባብዛኛው ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ ይላል። የታችኛው ቦታ ሲጠበው ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ድድ ሥር ይቀራል፤ በላዩ የተንጠለጠለው ድድም እንደ ክዳን ሆኖ ከሥሩ ኪስ ይሠራል። እዚያ ኪስ ውስጥ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የቆሎ ልጣጭ፣ የጎመን ክር ይገባል። ብሩሽ አይደርስበትምና ይሸታል፣ ያመረቅዛል፣ ድዱም ያብጣል። ያበጠውን ድድ ደግሞ የላይኛው መንጋጋ ባኘኩ ቁጥር ይነክሰዋል። ኪኒን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ኪሱ ውስጥ ያለውን አያወጣም። ሦስት ቀን ኪኒን ተውጦ በአራተኛው «እንደገና ተነሳብኝ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሲሪንጁ መርፌው አብሮ ታሽጎ ነው የሚሸጠው። መርፌውን ሽፋኑ ሳይከፈት ነቅለው እዚያው ለፋርማሲው ይተዉት፤ ልጅ ያለበት ቤት መግባት የለበትም። ባለ 5 ሚሊው ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ባለ 20ው ለአንድ እጅ አይመችም። ጨው ውሃውን ለማዘጋጀት ግማሽ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ይለኩና ድስት ውስጥ ገልብጠው ያፍሉት፤ ከማንኪያው አፍ ያልተረፈ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት፣ ለብ እስኪል ይተዉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሮቶ ወይም ከጄሪካን የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ ያበጠ ድድ ውስጥ መግባት የለበትም። ጨው ሲበዛ ይለበልባል እንጂ ቶሎ አያድንም።

መስታወት ፊት ቆመው የስልክዎን መብራት ያብሩ። አፍዎን እስከ ጥግ አይክፈቱ፤ ጉንጭ ይወጠርና ሲሪንጁ መግቢያ ያጣል። በግማሽ ከፍተው ጉንጩን በጣትዎ ወደ ውጭ ሳብ ያድርጉ። የሲሪንጁን አፍ የድዱ ክዳን ጠርዝና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ ያስጠጉ፣ ወደ ውስጥ ግን አይውጉት። ከዚያ ቀስ ብለው ይግፉ። መጀመሪያ የሚወጣው ነጣ ያለ፣ ሽታው የሚያስጠላ ነገር ነው፤ ትንሽ ደም ቢቀላቀልበትም አያስደንግጥ። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ሦስት አራት ሲሪንጅ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ይደገማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኃይል ሲገፋ ነው፦ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሕመሙም ይብሳል። ከተጠቀሙ በኋላ ፈታተው አጥበው ያድርቁት። ጎማው መንተፍተፍ ከጀመረ፣ ማለትም ገፍተውት ሳይሄድ ቆይቶ ድንገት ከተወረወረ፣ አዲስ ይግዙ። አንዱ ሲሪንጅ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ከሲሪንጁ ቀጥሎ ገንዘብ የሚወጣበት የልጆች ጥርስ ብሩሽ ነው። ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ ስለሆነ የአዋቂ ብሩሽ የማይገባበት የመጨረሻው ጥግ ድረስ ይሄዳል። መፋቂያ ለፊት ጥርስ ጥሩ ነው፤ እዚያ ጥግ ግን አይደርስም፣ ቢደርስም ያበጠውን ድድ ይቧጭራል።

ወደ ኪኒኑ እንምጣ። ለእብጠት ሕመም አይቡፕሮፌን ይሻላል፤ 400 ሚሊግራም ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከሦስት ሳይበልጥ። ፓራሲታሞል ባለ 500ው ለጤነኛ አዋቂ ሁለት ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 1፣ ሌሊት 7። በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ የጉንፋን ኪኒኖችም ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለ አብረው ይቆጠራሉ። ፓናዶል ኤክስትራ ካፌይን ስላለበት ለመኝታ ሰዓት አይመረጥም። አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል የተለያየ ወገን ስለሆኑ አብረው ቢወሰዱ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ ያስታግሳሉ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ተወግተው ቤት ገብተው አይቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን መጉዳት ነው።

ጨጓራ ያለበት፣ ኩላሊት የሚያመው፣ አስም ያለበት፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርም አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩት። ጾመኛም ያስብበት። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ወይም በረመዳን ላይ ያለ ሰው አይቡፕሮፌኑን ከመብላቱ ጋር ያዛምደው፤ ባዶ ሆድ ለሚዋጠው ፓራሲታሞል ይሻላል።

መጉመጥመጫው ክሎርሄክሲዲን 0.2% ከሆነ ዋጋውን ያወጣል፦ 10 ሚሊ፣ ለአንድ ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። በጥርስ ሳሙና ከተቦረሸ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ ሳሙናው ኃይሉን ይገድለዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ አይወሰድ፤ ቡናና ሻይ የሚያዘወትር ሰው ጥርሱ ይጠቁራል። ሲገዙ መለያውን ያንብቡ። ለአራስ እምብርት የሚቀባው ጄልም፣ ለቁስል የሚሆነው ሳቭሎንም ክሎርሄክሲዲን አለባቸው፤ ሁለቱም ግን አፍ ውስጥ አይገቡም።

ማደንዘዣ ጄሉ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ምራቅ ያጥበዋል። ለዋጋው አይመከርም። ቅርንፉድ ይሻላል፣ ግን በአግባቡ ከተያዘ። ውስጡ ያለው ዩጂኖል በእውነት ያደነዝዛል፤ ያልበረዘ ዘይቱ ግን ድድን ያቃጥላል። አንድ ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት ከአራት አምስት ጠብታ የምግብ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ በጥጥ ጥርሱን ይነካ፣ አይዋጥ። ሱቅ ውስጥ «የቅርንፉድ ዘይት» የተባለው ለፀጉር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላልና ጠይቁ። ነጭ ሽንኩርት መወተፍ፣ አስፕሪን ድዱ ላይ ማስቀመጥ፣ አረቄ መያዝ ሦስቱም ድዱን ልጠው ነጭ ቁስል ይተዋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ሁለት ነው።

አሞክሳሲሊን የሕመም ማስታገሻ አይደለም። በሕጉ ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበት መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ስድስት ፍሬ ቆርጦ የሚሰጥ አይጠፋም። ስድስት ፍሬው ባክቴሪያን ያለማምዳል እንጂ አይፈውስም። የሚያስፈልገው ትኩሳት ሲኖር፣ ፊት ሲያብጥ፣ ወይም አፍ ሁለት ጣት እንኳ አላስገባ ሲል ነው፤ ያኔ የሚያዘው ሐኪም ነው። ሜትሮኒዳዞል አብሮ ከታዘዘ መድኃኒቱ እስከሚያልቅና ከዚያም ጥቂት ቀን ድረስ ጠላ፣ ጠጅና ቢራ ይቅሩ። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ነውና ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ሳይጠየቅ ይናገር።

መዋጥ ካቃተ፣ እብጠቱ ከአገጭ ሥር ወደ አንገት ከወረደ፣ ወይም መተንፈስ ከከበደ ፋርማሲ አይኬድም። ለቱሉ ዲምቱና ለአቃቂ ሰው የሚቀርበው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ታክሲ ባለቀበት ሰዓት ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907፣ ይደወላል።

ያን ያህል ካልከፋ ጨው ውሃው በሁለት ሦስት ቀን ካላሻሻለው፣ ወይም እየተመላለሰ ከተነሳ፣ ጥርስ ሐኪም ያስፈልጋል። ዳር ላይ ያሉት ብዙዎቹ ክሊኒኮች አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ የምታሳየዋን ትንሽ ራጅ ነው የሚያነሱት፤ ተኝቶ የቀረን መንጋጋ ለመንቀል ግን ሙሉ መንጋጋ የሚያሳየው ያስፈልጋል። የከንፈርና የአገጭ ስሜት የሚያመጣው ነርቭ ከሥሮቹ ጋር ተጠግቶ ያልፋልና አሳንሶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ደውለው «የሙሉ መንጋጋ ራጅ አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከሌላቸው ሁለት ጊዜ ትራንስፖርት ከመክፈል ራጁን መሀል ከተማ አስነስቶ ይዞ መምጣት ይሻላል። የድዱን ክዳን ብቻ ቆርጠው የሚሸኙም አሉ፤ ጥርሱ ቦታ ከሌለው ድዱ ተመልሶ ይሸፍነዋል።

ከተነቀለ በኋላ ሲሪንጁ ይቀመጥ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም በውሃ ግፊት ከተነቀለ አጥንቱ ይራቆታል፤ የሱ ሕመም ከመነቀሉ ይብሳል። በሁለተኛው ቀን ጨው ውሃው በብርጭቆ ብቻ፣ አፍ ውስጥ ዘንበል ዘንበል እያለ፣ ሳይተፋ እንዲሁ ይፍሰስ።