መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሬዲዮ

ቴክሰን ፒኤል-330 የምትባለውን ትንሽ የአጭር ሞገድ (ከሩቅ አገር የሚሰራጨውን የምትይዝ) ሬዲዮ ከዱባይ በሚመጣ ሰው ካስመጣሁ ወራት አለፉ። «እንዴት ናት?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። መብራት ሲጠፋ ግሩም ናት። የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

ቤቴ አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ማታ አጭር ሞገድ ስከፍት የሚቀበለኝ ጥዝዝዝ የሚል ድምፅ ነው። በ49 ሜትር ባንድም (ባንድ ማለት ጣቢያዎች የሚሰበሰቡበት የፍሪኩዌንሲ ክልል ነው) ጥዝዝዝ፣ በ31 ሜትርም ጥዝዝዝ። ስክሪኗ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። አንዱ የሚገባው ምልክት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ይናገራል፣ ሌላው ምልክቱ ከጫጫታው በምን ያህል እንደሚበልጥ። እኔ ቤት የመጀመሪያው ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው፣ ሁለተኛው ዜሮ ላይ ተጎልቷል። ሬዲዮዋ ጆሮዋ ደህና ነው ማለት ነው፤ የምትሰማው ግን የጎረቤቶቼን ቻርጀር ነው።

አንድ ማታ ታዲያ ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። ሬዲዮዋ እንደተከፈተች ነበረች። ጥዝታው ቀጥ ሲል ከሥሩ ሰው ሲያወራ ተሰማ፣ ያውም ቁልፍ ሳልነካ፣ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ! ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ። ቻይናዎቹ በየቋንቋው፣ ሮማንያ፣ ዓረቦቹ፣ ሕንዶቹ፣ ምን ቋንቋ እንደሆነ ያልገባኝ ሁሉ ተራ በተራ መጣ። 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ወርጄ ኤስኤስቢውን፣ ማለትም የአማተሮችን ንግግር የሚፈታውን ቁልፍ፣ ስጫን ደግሞ አማተሮች፣ በትርፍ ጊዜያቸው በራሳቸው ሬዲዮ እርስ በርስ የሚያወሩ ሰዎች፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። (የእኛም አማተሮች አሉ፤ 5 ኪሎ ያለው የክለባቸው ጣቢያ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። እስካሁን አልያዝኩትም፣ ቅርብ ሆኖ ሳለ።) በኋላ አንዱ ሕንፃ ጀነሬተሩን ሲያስነሳ ጥዝታው በከፊል ተመለሰ፣ እኔም ሰደብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የዋይፋይ ሳጥን፣ ሁሉም ውስጣቸው ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እያበራ የሚያጠፋ ዕቃ አለ። ርካሽ ሲሆን ማጣሪያው ይቀነሳል፣ ጫጫታው በመብራት ሽቦው ይዞራል፣ ሽቦው ራሱ አንቴና ይሆናል። የራሴን ቤት ብሬከር አጥፍቼ ሞክሬያለሁ። ትንሽ ቀለል ይላል፣ ግን ከላይም ከታችም ከጎንም ሰው አለ። የሚገርመው ምጣድ ነው። በቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ ኤሌክትሪክ የሚበላው እሱ ሆኖ ጭጭ ነው፣ እንጀራ እየተጋገረ ሬዲዮ ይሰማል። አንዲት የጣት ያህል ቻርጀር ግን ሙሉ ባንድ ትዘጋለች።

ሽቦ ዘርጋ ትሉኝ ይሆናል። ዘርጋሁ። ቤት ውስጥ የተዘረጋ ሽቦ ጫጫታውን አብሮ ስለሚያመጣ ትርፉ ድካም ነው። ከበረንዳ ወደ ውጭ አውጥቼ በጎኗ ባለችው የአንቴና ቀዳዳ ስሰካው ግን ለውጥ አለው፣ ጎረቤቴ የልብስ ማስጫ መስሏት ነጠላዋን ብታሰጣበትም። ከዚያ የሚሻለው ጃንሜዳ ነው። እሑድ ጠዋት ሜዳው መሀል ቁጭ ብዬ በራሷ አንቴና ብቻ 15 እና 17 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስዞር ጣቢያው ጥርት ብሎ ይገባል። ቀን ቀን ከፍ ያሉት ባንዶች፣ ማታ ዝቅ ያሉት ነው የሚሻለው። ችግሩ ረጅም አንቴና መዝዞ ኤርፎን አድርጎ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አላፊ አግዳሚው «የምን መሣሪያ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሬዲዮ ነው ስትል ደግሞ ያዝንልሃል።

የመርካቶ ነጋዴ ይህን ቢሰማ የሚለውን አውቃለሁ። «ባለ 12 ባንዱን፣ ፍላሽ የሚወስደውን፣ ባትሪ መብራት ያለውን ብትወስድ ምን ነበረበት?» ስማኝ ወንድሜ፣ 12 ባንድ ማለት አጭር ሞገድ ተቆራርጦ በመካከሉ ያለው ተጣለ ማለት ነው። የእኔዋ ከ1711 እስከ 29999 ኪሎኸርዝ ሳታቋርጥ ትሄዳለች። አማተሮቹንም ያንተ ባለ ፍላሽ ኤስኤስቢ ስለሌለው እንደ ዳክዬ ነው የሚያሰማህ። «ስልክህ ላይ ሁሉም አለ እኮ» የሚለኝ ሌላው ነው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል፣ ዳታውም ይንቀራፈፋል። ያኔ ነው የእኔ ሰዓት።

አጭር ሞገድ ሞቷል የሚሉም አሉ። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ድምፅ ሲቋረጥ እኔም ለአፍታ ገንዘቤን አሰብኩት። ግን ዶቼ ቬለ፣ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፣ ዛሬም ምሽት 1 ሰዓት ላይ አለ። በደርግ ጊዜ ድምፅ ቀንሰው የውጭ ጣቢያ ያዳምጡ የነበሩ ሰዎች ያኔ ይህ ሁሉ ቻርጀር አልነበረባቸውም፣ ቀናሁባቸው። ጣቢያዎቹ በመጋቢትና በጥቅምት ፍሪኩዌንሲ ስለሚቀያይሩ ትናንት የነበረው ቢጠፋባችሁ ሬዲዮዋን አትማቱ።

ሌላው ነገሯ? ኤፍኤሟ ደህና ነው። ባትሪዋ የድሮ ኖኪያ ባትሪ ነው፣ ቢኤል-5ሲ፣ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ጋ ይገኛል።

አልሸጣትም። ለመሀል ከተማ ሰው ግን አንድ ምክር አለኝ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የማንንም አሮጌ ሬዲዮ ተውሳችሁ ማታ ቤታችሁ አጭር ሞገድ ላይ ክፈቱት። እሱ ጥዝዝዝ ካለ ይቺም ጥዝዝዝ ትላለች፣ በጥራት ብቻ።