ለቤት ጥገና የሚሆን የመኪና መመርመሪያ መሣሪያ፦ ሦስቱን ከሞከርኩ በኋላ

መኪናዬን በራሴ እጅ መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ ሦስት ዓይነት የኮምፒዩተር መመርመሪያ መሣሪያዎችን ተጠቅሜያለሁ፤ የመጀመሪያው የራሱ ገመድና ትንሽ ስክሪን ያለው በእጅ የሚያዝ ኮድ አንባቢ (የመኪናው ኮምፒዩተር የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር የሚያሳይ)፣ ሁለተኛው ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ አዳፕተር፣ ሦስተኛው ደግሞ ለመኪናው ትእዛዝ መስጠት የሚችል ታብሌት መሰል መሣሪያ ነው። ሦስቱም የሚሰኩት በአንዱ ሶኬት ላይ ነው። ልዩነታቸው የመኪናው ኮምፒዩተር ከሚያውቀው ውስጥ ምን ያህሉን እንድናይ እንደሚፈቅዱልን ነው፤ እኔም ከሳጥኑ ላይ ከተዘረዘረው የአገልግሎት ብዛት ይልቅ በዚህ መመዘን ይሻላል ወደሚል ሐሳብ የደረስኩት በገንዘብና በጊዜ ከፍዬ ነው።

አስቀድሞ መረጋገጥ ያለበት ነገር የመኪናው ዕድሜና የተሠራበት ገበያ ነው። ኦቢዲ 2 የሚባለው፣ የመኪናው ኮምፒዩተር የመዘገበውን ብልሽት በማንኛውም መሣሪያ ለማንበብ የሚያስችለው የጋራ ሥርዓት፣ በአሜሪካ ገበያ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሲሆን፣ በአውሮፓ የቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ የናፍጣዎቹ ደግሞ ከ2004 አንሥቶ ተገደውበታል። ባለ 16 እግሩ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ይገኛል፤ ሆኖም ከእነዚህ ዓመታት በፊት የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ሶኬቱ እያላቸው መሣሪያው የሚግባባበት የኦቢዲ 2 ቋንቋ የሌላቸው ስለሆኑ፣ ሶኬቱን አይቶ ብቻ መሣሪያ መግዛት ያሳስታል።

ቼክ ኢንጂን መብራቱ የበራብኝ ዕለት የነበረኝ ኮድ አንባቢው ብቻ ነበር። ያወጣው ኮድ ፒ0171 ሲሆን፣ ትርጉሙም ወደ ሞተሩ የሚገባው ቅይጥ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። አንድ መካኒክ ኮዱን እንደሰማ የኦክስጅን ሴንሰሩን እንድቀይር መከረኝ፤ ቀየርኩት፤ ከሳምንት በኋላ ግን መብራቱ ተመልሶ በራ። አንባቢው ከኮዱ በቀር ምንም የማያሳይ በመሆኑ፣ አዲስ ዕቃ ከገጠምኩም በኋላ ስለ ብልሽቱ የማውቀው ከመጀመሪያው ቀን የተለየ አልነበረም። በኋላ ከወዳጄ በተዋስኩት መሣሪያ ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ ማስተካከያውን መጠን (ቅይጡን ለማመጣጠን ኮምፒዩተሩ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ነዳጅ) ስመለከት፣ የአጭሩና የረዥም ጊዜው ማስተካከያ ተደምሮ በሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) 22 ከመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ሞተሩ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ሲደርስ ግን ወደ 5 ከመቶ ይወርድ ነበር። ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር በሚኒሞ ጊዜ ከጠቅላላው አየር ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን ያው ቀዳዳ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ችግሩ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተዘጋ ማጣሪያ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሩ በተቃራኒው ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ይብስ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ አየር ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ኢንቴክ ማኒፎልድ ጀርባ ስዳስስ የተሰነጠቀ ቀጭን የጎማ ቱቦ አገኘሁ። የጣልኩት ሴንሰር ጤነኛ ነበር።

ስለዚህ በእኔ ግምት አንድ የቤት መሣሪያ ኮድ ከማንበብ በተጨማሪ ሁለት ነገሮችን የግድ ማሳየት አለበት። አንደኛው ሞተሩ እየሠራ በየቅጽበቱ የሚለዋወጠው መረጃ ነው፤ በተለይም በግራፍ መልክ ሁለትና ሦስት ንባቦችን ጎን ለጎን ማየት ከተቻለ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው ቋሚ ምስል ነው፦ የሞተሩ ሙቀት፣ የዙሩ ብዛት፣ የመኪናው ፍጥነትና የጭነቱ መጠን። ብልሽቱ የተከሰተው ሞተሩ ቀዝቅዞ ቆሞ ሳለ ነው ወይስ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ የሚለውን ከዚህ መዝገብ መረዳት ይቻላል። ኮዱን መሰረዝ ይህንንም መዝገብ አብሮ ስለሚያጠፋው፣ መብራቱን ለማጥፋት ከመቸኮል በፊት ገጹን ፎቶ ማንሣት ወይም በወረቀት ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል።

የብሉቱዝ አዳፕተሩ ሁለቱንም ያሳያል፤ ከዋጋው አንጻር ደግሞ የሚስተካከለው አላገኘሁም። ችግሩ ጥራቱ ላይ ነው። ኢኤልኤም 327 በሚባለው ቺፕ ስም የሚሸጡት አዳፕተሮች ብዙዎቹ ዋናውን ቺፕ የያዙ ሳይሆኑ ቅጂዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ዋናው ቺፕ የሚመልሳቸውን ትእዛዞች ጭራሽ አይመልሱም። መጀመሪያ የገዛሁት ቁጥሩን የሚያድሰው እጅግ በዝግታ ስለነበር ጋዝ ረግጬ ከለቀቅኩ በኋላ ነበር የዙሩ ጭማሪ ስክሪኑ ላይ የሚታየው፤ ሁለተኛው፣ ጥቂት ጨምሬ የገዛሁት፣ እስከ ዛሬ በደንብ ያገለግለኛል። አይፎን የሚጠቀም ሰው በዋይፋይ ወይም አነስተኛ ኃይል በሚወስደው የብሉቱዝ ዓይነት የሚሠራውን መምረጥ አለበት። የፎርድ ወይም የማዝዳ ባለቤት ደግሞ ፎርስካን ከሚባለው ፕሮግራም ጋር የሚስማማ አዳፕተር ቢገዛ፣ ከሞተሩ አልፎ እስከ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል) እና ኤርባግ ድረስ ማየት ይችላል። ለቮልስዋገንና ለኦዲ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ቪሲዲኤስ ቢሆንም፣ የራሱን ገመድ ይፈልጋል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ የሶኬቱ 16ኛ እግር መኪናው ጠፍቶም ከባትሪው ኃይል ስለሚያገኝ፣ አዳፕተሩን ለብዙ ቀናት ሰክቶ መተው ባትሪ ሊጨርስ ይችላል።

ታብሌት መሰሉን ለሁለት ወር ተጠቅሜ መለስኩት፤ የመለስኩት ግን መሣሪያው ራሱ ችግር ስላለበት አይደለም። የኤሌክትሪክ እጅ ፍሬን ያለው መኪና የኋላ ፍሬን ሸራ ሲቀየር ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልስ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የኤቢኤስ ክፍሉ ውስጥ የገባን አየር ለማስወጣትም ፓምፑን ከመሣሪያው ማስነሣት የሚጠይቁ መኪኖች አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ራሱ የሚሠራ ሰው፣ ወይም የቤተሰቡን ሦስትና አራት መኪና የሚጠግን ሰው፣ ገንዘቡን አውጥቶ ቢገዛው አይጸጸትም። የእኔ መኪና የእጅ ፍሬን ግን በሽቦ የሚሳብ ነው፤ ለማልጠቀምበት አገልግሎት የዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ ክፍያ መክፈሉን አልፈለግኩትም። በሻጩ ገጽ ላይ ዋጋው ጎልቶ ሲጻፍ የማሻሻያው ክፍያ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፍ መሆኑ ሊስተካከል የሚገባው አሠራር ነው።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ሰውም ከስልክ ጋር የሚሠራው አዳፕተር ይበቃዋል። ሻጩ ከምርመራው በፊት ኮዶቹን ሰርዞ ከሆነ፣ መኪናው በራሱ ላይ የሚያካሂዳቸው የፍተሻ ውጤቶች ያልተጠናቀቁ ሆነው ይታያሉ። ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስም ያው ሊታይ ስለሚችል ሻጩን ወዲያው መክሰስ ባይገባም፣ ጥቂት ቀናት ተነድቶ እንደገና እስኪታይ ድረስ ክፍያውን ማዘግየት ተገቢ ነው።

መሣሪያው እጅዎ እንደገባ፣ መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ፣ ሌሊቱን ባደረ መኪና ላይ ይሞክሩት። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍተው የራዲያተር ውሃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት ያንብቡ፤ ሁለቱ እጅግ የተቀራረቡ መሆን አለባቸው። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥተው ጋዙን ቶሎ ረግጠው ይልቀቁ፤ የዙሩ ቁጥር ሞተሩን ከሰሙ በኋላ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ፣ መሣሪያውን በዚያው ሳምንት ይመልሱት።