ደራሲና ድራፍት፦ የሐዋሳው ሐሙስ ማታ

ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ሂዱ። ግን በጊዜ ሂዱ፣ የሆነ ነገርም ቀመስ አድርጋችሁ ሂዱ። ሌላው ዝርዝር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ ግቢው ሰፋ ያለ አንድ መጠጥ ቤት ሐሙስ ማታ ደራሲዎችን ይጋብዛል። የመጽሐፍ ምረቃ አይደለም፣ የግጥም ምሽትም አይደለም። ሁለት ሦስት ጸሐፊዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ የፈለጉትን እየጠጡ፣ እንዴት እንደሚጽፉ ያወራሉ። መቼ ይጽፋሉ፣ በምን ይጽፋሉ፣ ሲደርቅባቸው ምን ያደርጋሉ፣ ገንዘባቸውን የበላው ማነው። እኛ ዙሪያውን ተቀምጠን እንሰማለን። የቤቱን ስም አልጽፍም። ከታች የማማርርበት ነገር አለኝ፣ ቅር እንዲላቸው አልፈልግም። የሐዋሳ ሰው ደግሞ አንድ ባጃጅ ነጂ ጠይቆ ይደርስበታል።

እንዲህ ያለ ነገር ይጎድለን ነበር። ኪነ ጥበብ ሲባል ሁሌ አዲስ አበባ ነው። ግጥም በጃዝ ብትሉ ራስ ሆቴል ነበር፣ የመጽሐፍ ምረቃ ብትሉ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት። እኛ ጋ የሚታወቀው ሐይቁ፣ ዓሣውና ሰርጉ ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ የሚመጣ ሰው ሊዝናና እንጂ ደራሲ ሊሰማ አይመጣም። ግን ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነው፣ የሚያነብ ወጣት ሞልቷል፣ እና ሐሙስ ማታ ግቢውን የሚሞላው እሱ ነው። ከኋላ ያሉት ወንበሮች በተማሪ ተይዘዋል፣ አንድ ለስላሳ ለሁለት እየጠጡ። ቤቱ አያባርራቸውም። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ እጨምርለታለሁ።

ስለ መጠጡ ቶሎ ልለፍ። ድራፍቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጃምቦውን ሞልተው ነው የሚያመጡት፣ አረፋ አይሸጡላችሁም። ሐሙስ ማታ ዋጋው ጨመር ይላል። መግቢያ ስለማያስከፍሉ ይሁን ብያለሁ። ጠጅ ሜኑ ላይ አለ፣ ሲጠየቅ ግን ሁሌም "ዛሬ አልቋል" ነው። የዝዋይ ወይን አላቸው፣ በብርጭቆ አይሸጡም እንጂ። የማይጠጣ ሰውም አይገፋም፤ አምቦ ውሃ ይዞ ማምሸት ይቻላል። ቡናው ጥሩ ነው፣ ሲዳማ ላይ ተቀምጦ መጥፎ ቡና የሚያቀርብ ቤት መጀመሪያውኑ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም። የዓሣ ጥብሱን በዳጣ ሞክሩት፣ ያስለቅሳል። ቆሎውን ግን ተዉት። ጸሐፊው ለማሰብ ዝም ባለ ቁጥር የጎረቤት ጥርስ ነው የሚሰማው።

አሁን ወደ ዋናው።

ደጋግሜ ሄጃለሁ፣ ግን አንዱን ማታ ብቻ ላውራችሁ፤ እንግዶቹ ሦስት የነበሩበትን። ስማቸውን አልጠራም፣ በመጠጥ መካከል የተወራ ነገር ነው።

መድረኩን የሚመራው ልጅ የጀመረው "ጠጥተህ ጻፍ፣ ሳትጠጣ አርም" በሚለው አባባል ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ ነው ያለው አለ። ይሄ ነገር በየፌስቡኩ ይዞራልና አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሄሚንግዌይ ይህን አልጻፈም። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር የሚናገረው በ1964 እ.ኤ.አ. በታተመ የሌላ አሜሪካዊ ደራሲ፣ የፒተር ዴ ቭሪስ፣ ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው። ሄሚንግዌይማ ጠጪ ነበር፣ የታወቀ ነው፤ ግን ፓሪስ ሪቪው ለተባለው መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ የሚጽፈው ጎህ ሲቀድ እንደሆነ ተናግሯል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ማያ አንጀሉ ደግሞ ሆቴል ክፍል ተከራይታ ስትጽፍ አጠገቧ መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ጠርሙስ ሼሪ የሚባል የወይን መጠጥ ይቀመጥ ነበር። እሷም ብትሆን ሥራ የምትጀምረው በጠዋት ነው። መጠጡና ጠዋቱ አብረው የሚነገሩ ከሆነ እሺ። ጠዋቱ ተቆርጦ መጠጡ ብቻ ሲቀር ነው የሚያናድደኝ።

ልጁ ቀጥሎ "ጋሼ፣ እርስዎስ ጠጥተው ይጽፋሉ?" ብሎ ከእንግዶቹ ትልቁን ጠየቀ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጃምቧቸውን ገፋ አደረጉና "ሞክሬዋለሁ። ጠዋት ሳነበው ሌላ ሰው ገብቶ የጻፈው ነው የሚመስለኝ፣ ያውም የማይረባ ሰው" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኚህ ሰው የሚጽፉት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው ነው፤ ቤተሰቡ ሳይነሳ። "ቀን ቀን ሰው ነኝ" አሉ። በሉክ ወረቀት፣ በእስክሪብቶ፣ በአንድ በኩል ብቻ። ጀርባውን ባዶ የሚተዉት በኋላ የሚመጣላቸውን ሐሳብ ፊት ለፊቱ ለመጻፍ ነው። ወደ ድርሰት ያስገባቸው ደግሞ መጽሐፍ አይደለም፣ ሬዲዮ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ግን በመጀመሪያ ያወቁት ከዓመታት በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። እስከ ዛሬ የጻፉትን ጮክ ብለው ካላነበቡት አያምኑትም። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት "እዚያ ጋ ረዘመ" ካሏቸው ያ ዓረፍተ ነገር ይቆረጣል። እንዲህ ያለ አርታኢ ስንቱ ደራሲ አለው?

የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ያስተየቡት እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ጽሕፈት ቤት ነበር፣ ፓወር ግእዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ። ፍላሹን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ፣ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብ ወለዱ የለም። ያለው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ ነጥብና የዶላር ምልክት ነው። የዚያን ጊዜ ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲኑ ቦታ ስለነበር፣ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ሁሉ ዝባዝንኬ ይሆናል፤ ይህ ጣጣ የቀለለው ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ከተለመደ ወዲህ ነው። ሰውየው የዚያን ቀን ፕሪንት የተደረገውን አንድ ገጽ አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘውት መጥተዋል። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል፤ ከላይ፣ ከዝባዝንኬው በላይ፣ በእስክሪብቶ "ምዕራፍ 1" ብለው ጽፈውበታል።

ከዚያ ወደ ገንዘቡ ገቡ፣ እዚህ ላይ ግቢው ጸጥ አለ። እኛ አገር አብዛኛው ደራሲ አሳታሚም ራሱ ነው። ማተሚያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል፣ ዛሬ የተነገራችሁ የወረቀት ዋጋ ነገ አይሠራም። አከፋፋይ በዱቤ ይወስዳል። አዟሪ በክንዱ ቆልሎ ካፌ ለካፌ ይዞርላችኋል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት መጽሐፋችሁ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ተለቅቆ ታገኙታላችሁ። "ጋሼ፣ በነጻ አነበብኩት፣ እናመሰግናለን" ብሎ የጻፈላቸው ልጅ አለ። "እኔም አመስግኜ መለስኩለት፣ ምን ላድርግ" አሉ።

ሁለተኛዋ ገጣሚ ናት፣ ወጣት፣ አምቦ ውሃዋን ይዛ። የምትጽፈው ስልኳ ላይ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ባንክ ወረፋ ላይ። አንዳንዱን በድምፅ ቀድታ ለራሷ ትልካለች። ይሄ አሁን የተለመደ ነው፣ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ እንዴት እንደምትሰርዝ ስታሳየን ነው። አንድ ግጥም መጀመሪያ እንዴት እንደነበረ አነበበች፦ "ዝናብ በዘነበ ቁጥር አንተን አስታውሳለሁ።" ከዚያ ስልኳን ወደታች ገፋ አድርጋ አሁን ያለበትን አነበበች፦ "ዝናቡ መጣ። ጃንጥላህ እኔ ጋ ነው።" ሌላ ምንም አላብራራችም። አጠገቤ የነበረ ልጅ "ውይ!" ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ስለ አጻጻፍ ስንት ሥልጠና ተቀምጠን የሰማነውን እሷ በሁለት መስመር ጨረሰችው።

ሦስተኛው በሲዳሙ አፎም (በሲዳማ ቋንቋ) በአማርኛም ይጽፋል። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ አንዱን ታሪክ በሁለት ፊደል ሁለት ጊዜ ነው የሚጽፈው። ከመጻፉ በፊት ግን ቡና ሲፈላ ለእናቱ ያወራላቸዋል። እናትየው "ከዚያስ?" ካሉት ይጽፈዋል። ሲኒ ማንሳት ከጀመሩ ታሪኩ ሞቷል። የዚህን ሰው ወሬ ብዙ አላገኘነውም፣ ዝምተኛ ነው፣ መድረክ መሪውም ቶሎ ቶሎ አለፈው። በጣም ያሳዝናል፤ ሐዋሳ ላይ ሆነን እሱን ካልጠየቅን ማን ሊጠይቀው ነው?

እንግዲህ የመጀመሪያው ሰዓት እንዲህ ነበር። ከሁለተኛው ዙር ጃምቦ በኋላ ግን ወሬው መልኩን ይለውጣል። ስለ ሥራ ማውራት ይቀርና ስለ ሰው ማውራት ይጀመራል። እገሌ ሃያሲ ነው አይደለም፣ እገሊት ያንን ሽልማት እንዴት አገኘች። የስብሐት ገብረእግዚአብሔር ስምም የሚነሳው ይሄኔ ነው። ስብሐት ጨዋታው እንደ ጽሑፉ የሚወደድለት ሰው ነበር፤ ዘነበ ወላ ከእሱ ጋር ካደረገው ጭውውት "ማስታወሻ" የሚል ሙሉ መጽሐፍ አውጥቷል። ግን የስብሐትን ስም መጠጥ ለመጠጣት ፈቃድ ያደረጉት ልጆች ንባቡን አያነሱትም፣ በጋዜጣና በመጽሔት ቤት የሠራባቸውን ዓመታትም አያነሱም። መምህሩ ይህ ወሬ ሲጀመር ሰዓታቸውን አዩ። ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው ናቸው።

አሁን ምሬቴ። ማይኩ አንድ ነው፣ ለሦስት ሰው። ይጮኻል፣ ይቋረጣል፣ እና ቤቱ ሊያስተካክለው ያሰበ አይመስልም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ገጣሚዋ ጥያቄ እየመለሰች ሳለ ከውስጥ ሙዚቃ መለቀቁ ነው። ዲጄው ሰዓቱ ደርሶ ነው አሉ። ሒሳብ የሚያመጡትም በዓረፍተ ነገር መሀል ነው፣ አስተናጋጆቹ ፈረቃ ሊቀይሩ ስለሆነ። የእኛ ሒሳብ ላይ ያላዘዝነው ውሃ ነበረበት፤ ሲነገራቸው ሳያንገራግሩ አወጡት። ልጆቹ ትሑት ናቸው፣ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው።

የጥያቄ ሰዓቱ ሌላ ጣጣ ነው። "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። ያን ማታ የተነሳው አስተያየቱን ሲጨርስ ከኪሱ የራሱን ግጥም አወጣ። ረጅም ነበር። ማንም አላስቆመውም፣ በይሉኝታ። መድረክ የሚመራ ሰው ይሉኝታ የሚባል ነገር ቤቱ ጥሎት መምጣት አለበት።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ምሽት 1 ሰዓት ተብሎ 2 ሊሆን ሲል ነው የሚጀምረው። ገጣሚዋ ወደ 3 ሰዓት ገደማ "ይቅርታ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ" ብላ ተነሳች። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን፣ እና ከሁሉ የተሻለ የምታወራውን ሰው ጨለማው ወሰደብን። ሲመሽ የባጃጅ ዋጋ ይጨምራል፣ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት ደግሞ ዋጋው ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ሴት ጸሐፊ ጋብዞ መመለሻዋን አለማሰብ ምን የሚሉት ግብዣ ነው? ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ቢጀመር ሁሉም ይስተካከላል፤ ዲጄውም ሰዓቱ ይጠበቅለታል፣ ተማሪዎቹም ዶርም ሳይዘጋባቸው ይገባሉ። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ። "በ11 ሰዓት ማን ይጠጣል?" አለኝ። የሱም ጭንቀት ይገባኛል፣ ድራፍቱ ነው ማይኩን የሚከፍለው። ማይኩ ባይሠራም።

መውጫው ላይ የደራሲዎቹ መጻሕፍት ይሸጣሉ፣ እዚያው ያስፈርማሉ። የሚሸጠው ልጅ መልስ የለውም፣ ቴሌብር ግን ይቀበላል። የመምህሩን ገዝቻለሁ፣ ገና አልጨረስኩትም።

ለምትሄዱ፦ ቦታ አስቀድሞ መያዝ አይቻልም፣ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል። ከማንጎው ሥር ያለችውን ጠረጴዛ ሞክሩ። ቢምቢ አላት፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ግን ለደራሲዎቹ በጣም ቅርብ ስለሆነች ያለ ማይክም ይሰማችኋል።