ስሎው ኩከሬ ከወራት በኋላ፦ ዶሮና አትክልት በአንድ ድስት

ይህን ስሎው ኩከር፣ ማለትም ምግብን በቀስታ ለሰዓታት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት፣ ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። 6 ሊትር የሚይዝ ከባድ የሴራሚክ ድስት፣ የመስታወት ክዳንና አንድ ማዞሪያ ያለው ተራ ዓይነት ነው። ማዞሪያው ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና ማቆያ የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ብዙ ነገር ሠርቼበታለሁ። ደጋግሜ የምመለሰው ግን በሹካ ወደሚበጣጠስ ዶሮ ከአትክልት ጋር ነው። የዕቃው ጉብዝናም ድክመቱም እዚህ ምግብ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለዚህ ምግብ የታፋ ሥጋ ነው የምመርጠው። ታፋ ኮላጅን አለው፤ ሥጋውን አጥብቆ የያዘው ነገር ማለት ነው። ቀስ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ኮላጅኑ ቀልጦ ጄላቲን ይሆናል። ያኔ ሥጋው ክር ክር እያለ ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ መረቁም ወፈር ይላል። በዝቅተኛው ደረጃ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል። የደረት ሥጋ ኮላጅኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። ካለፈ መበጣጠሱን ይበጣጠሳል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጥጥ ነው። ቆዳውን ሁልጊዜ አነሳዋለሁ። ይህ ድስት ምንም ነገር አይጠብስም፤ ቆዳው ረጥቦ ስብ ብቻ ይለቃል።

አትክልቱ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ዶሮው በስሎ ካሮቱ ጥሬ የሚቀረው ለምንድን ነው? ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ለመብላት ደኅና ነው። ካሮትና ድንችን ያጠነከረው ፔክቲን ግን መላላት የሚጀምረው 85 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ እዚያ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። በእኔ ዕቃ ላይ ሙቀቱ የሚመጣው በዋናነት ከጎን ነው። ስለዚህ ድንችና ካሮት ከሥርና ከዳር ዳር ይደረደራሉ፣ ዶሮው ከላይ ይተኛል። ቲማቲም ከገባ ደግሞ ድንቹን አነስ አድርጋችሁ ክተፉት፤ አሲዱ አትክልት ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል። አተርና ዝኩኒ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ይግቡ። ከመጀመሪያው ከገቡ ቀለማቸውም ቅርጻቸውም ይጠፋል።

ፈሳሽ አታብዙ። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ ዶሮውም አትክልቱም የራሳቸውን ውኃ ያወጣሉ። ከአንድ ብርጭቆ ያነሰ መረቅ ይበቃል። ሽንኩርቱን ግን መጥበሻ ላይ ቀላ አድርጌ ነው የምጨምረው። እዚህ ላይ ስንፍና አያዋጣም፤ ጥሬውን ከገባ የተቀቀለ ሽንኩርት ጣዕም ይዞ ይቀራል። ሲበስል ዶሮውን አውጥቼ ትኩስ እያለ በሁለት ሹካ እበጣጥሰዋለሁ። ከዚያ መልሼ መረቁ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ጣዕሙን የሚጠጣው በዚህች ጊዜ ነው። ረጅም ሙቀት ቅመም ስለሚያደበዝዝ ቁንዶ በርበሬና ሎሚ መጨረሻ ላይ ይጨመራሉ።

ክዳኑን አትነካኩት። አንዴ በተከፈተ ቁጥር የወጣውን ሙቀት ለመመለስ 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። መስታወት የሆነው ለዚህ ነው፤ ሳይከፍቱ ማየት ይቻላል።

በረዶ የሆነ ዶሮ ግን ፈጽሞ አይግባ። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ በረዶ የሆነ ሥጋ ደግሞ እዚያ መሐል ለረጅም ሰዓት ይንቀራፈፋል። ፍሪጅ ውስጥ ሟሙቶ ይምጣ። ማቆያ የሚለው ደረጃም የበሰለን ምግብ ትኩስ አድርጎ ለማቆየት እንጂ ለማብሰል አይሆንም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ዋናው ሰዓት ቆጣሪ የሌለው መሆኑ ነው። ምግቡ ቢደርስም ማብሰሉን ይቀጥላል፤ ለታፋ ብዙም አያስጨንቅም፣ ለደረት ሥጋ ግን ጉዳት ነው። ሥራ ውላችሁ የምትገቡ ከሆነ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ወደ ማቆያ የሚዞረውን ዓይነት ግዙ፤ የዋጋ ልዩነቱ የሚያስቆጭ አይደለም። ሌላው መጠኑ ነው። ቢያንስ ግማሹ ካልሞላ ምግቡ ዳር ዳሩን ይይዛል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ይህ በጣም ትልቅ ነው። ሴራሚኩም ሲሞላ ለማንሳት ይከብዳል። ትኩሱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከፈሰሰበት ሊሰነጠቅ ስለሚችል እስኪበርድ ጠብቆ ማጠብ ግድ ነው። እስካሁን አንድም ጭረት አላየሁበትም፣ ማዞሪያውም አልላላም።

የተረፈውን ምግብ ከነድስቱ ፍሪጅ አታስገቡ። ወፍራሙ ሴራሚክ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ምግቡ ቶሎ አይበርድም። ዝርግ ዕቃ ላይ ገልብጡት። በማግስቱ ሲሞቅም ምድጃ ላይ ወይም በማይክሮዌቭ ይሁን፤ ስሎው ኩከሩ ለማሞቅ በጣም ዘገምተኛ ነው።