የስኳር ድንች ዳቦ በማሽን፦ ከወራት በኋላ በምን አምነዋለሁ፣ በምን አላምነውም

ይህን የዳቦ ማሽን የገዛሁት ቅመም የገባበት የስኳር ድንች ዳቦ በጣም ስለምወድ ነው። ሊጡን በእጅ ማቡካት ግን ፈተና ነው። ጣት ላይ ይለጠፋል፣ ጠረጴዛ ላይ ይለጠፋል። ሰው ሲሰለቸው ዱቄት ይነሰንስበታል፣ ዳቦውም ደርቆ ቁጭ ይላል። ማሽኑ ግን አይሰለቸውም፤ የሚያጣብቀውን ሊጥ እንዳለ ይዞ እስኪለሰልስ ያቦካዋል።

ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ ፍርዴ ይኸው፦ በማቡካትና ሊጡን ኩፍ በማድረግ ሙሉ በሙሉ አምነዋለሁ። በውሃ ልክ ግን አላምነውም። ድስቱ ውስጥ የገባው ስኳር ድንች ምን ያህል ውሃ እንደያዘ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህን ሥራ እኔው እሠራለሁ።

ማሽኑ እንደ ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ነው። የዳቦ መጠን 450፣ 700 ወይም 900 ግራም ተብሎ ይመረጣል። የቅርፊቱ ቀለም ፈዛዛ፣ መካከለኛና ጠቆር ያለ ነው። መደበኛው ፕሮግራም 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሊጥ ብቻ የሚሠራው ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል። መለያው ላይ 600 ዋት ይላል። ስለ ቁልፎቹ ብዙ የምለው የለኝም፣ ማንም በአንድ ቀን ይለምዳቸዋል።

ዋናው ጉዳይ ድንቹ ነው። ጥሬ ስኳር ድንች ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። ሲቀቀል ተጨማሪ ውሃ ይይዛል፣ ኦቨን ውስጥ ሲጠበስ ደግሞ ውሃው ይቀንሳል። ስለዚህ «አንድ ኩባያ የተፈጨ ስኳር ድንች» የሚል አሠራር ሳይ አላምነውም። ዛሬ ልክ የሆነው ኩባያ ነገ ሊጡን ሾርባ ሊያደርገው ይችላል። እኔ ከነልጣጩ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሰዓት ያህል እጠብሰዋለሁ፣ እስኪልምና ጭማቂው በልጣጩ በኩል ወጥቶ ቡናማ እስኪሆን።

መጥበሱ ለጣዕምም ይጠቅማል። ስኳር ድንች ውስጥ ቤታ-አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ድንቹ ቀስ እያለ ሲሞቅ፣ በተለይ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ስታርቹን ማልቶዝ ወደሚባል ስኳር ይለውጠዋል። በኦቨን ሙቀቱ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ኢንዛይሙ ጊዜ ያገኛል። ማይክሮዌቭ ግን በፍጥነት አሙቆት ያልፋል፣ ጣዕሙም ያንኑ ያህል አይጣፍጥም። ለችኮላ ቀን ማይክሮዌቭም ይሆናል፣ ልዩነቱ ግን ይታወቃል።

አሁን የምሠራበት መጠን ይህ ነው። 400 ግራም የዳቦ ዱቄት፣ 200 ግራም ተጠብሶ የተፈጨና የቀዘቀዘ ስኳር ድንች፣ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 40 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 40 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 7 ግራም ጨውና 5 ግራም ደረቅ ፈጣን እርሾ። ቅመሙ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ገውዝና ቁንጥር ቅርንፉድ ነው። ሁሉም ሲደመር ከ700 ግራም በላይ፣ ከ900 ግራም በታች ስለሚመዝን ትልቁን መጠን እመርጣለሁ። «የቀዘቀዘ» ያልኩት ለወጉ አይደለም። ከ55 ዲግሪ በላይ የሞቀ ድንች እርሾውን ሊገድለው ይችላል፣ የተፈጨ ድንች ደግሞ ከላይ በርዶ ውስጡ ረጅም ጊዜ እንደሞቀ ይቆያል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው ማቡካት ከጀመረ ከ5 እስከ 10 ባሉት ደቂቃዎች ነው። ክዳኑን ከፍቼ አየዋለሁ፤ በማቡካት ሰዓት መክፈት ምንም ጉዳት የለውም። መጀመሪያ ደረቅ ይመስላል። ዱቄቱ ጥግ ጥጉን ይቀራል፣ ብርቱካናማ የድንች ክሮች እዚህም እዚያም ይታያሉ። ቅቤው ሲገባ መልኩ ይለወጣል፣ ያበራል። ከዚያ ሊጡ ተሰብስቦ ከክንፉ፣ ማለትም ድስቱ ሥር ሆኖ ሊጡን ከሚያቦካው ብረት፣ ጋር የሚዞር ኳስ መሆን አለበት። ከድስቱ ጎን ሲላቀቅ ትንሽ ይዞ የሚለቅ፣ ሲነኩት ለስላሳ፣ ጣት ላይ ግን የማይቀር። ኳሱ ካልተሰበሰበና ሥሩ ላይ እንደ ገንፎ ከተንጣለለ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት እጨምራለሁ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ደርቆ ድስቱን እየደበደበ ከዞረ ወተት በሻይ ማንኪያ። መጠበቁን አትዝለሉት። ድንቹ የያዘውን ውሃ የሚለቀው ቀስ እያለ ነው፣ የተጣደፈ ሰው ዱቄት ያበዛል።

የዳቦው አናት መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ከተኛ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ወይም እርሾ በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ማሽኑ ተበላሸ ይላል። በመጀመሪያ ወተቱን በ15 ሚሊ ሊትር ቀንሱና እዩት።

ስለ ቅመሙ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ቀረፋ እርሾን ያዳክማል። ሽታውን የሚሰጠው ሲናማልዴሃይድ የተባለው ንጥረ ነገር የእርሾን ሥራ ያቀዘቅዛል፣ ቅርንፉድም ተመሳሳይ ባህርይ አለው። በእጅ ስትጋግሩ ሊጡ እስኪነሳ ትጠብቁታላችሁ። ማሽኑ ግን ሰዓቱ ሲደርስ መጋገር ይጀምራል፣ ሊጡ ተነሳ አልተነሳ አያይም። ስለዚህ ከላይ ካልኩት የቀረፋ መጠን አላልፍም። ጠንከር ያለ የቀረፋ ጣዕም ስፈልግ በሊጥ ፕሮግራም ካቦካሁ በኋላ ሊጡን ዘርግቼ ቀረፋና ስኳር ነስንሼ እጠቀልለዋለሁ፣ ከዚያ በኦቨን። ቅመሙ ሊጡ ውስጥ ስላልተበተነ እርሾውን ብዙም አይጎዳውም።

ለቅርፊቱ ሁሌም ፈዛዛውን እመርጣለሁ። የድንቹም የወተቱም ስኳር ቶሎ ያጠቁራል፣ በመካከለኛው ጎኖቹ ይመርሩብኛል። መብሰሉን በቴርሞሜትር ነው የማረጋግጠው፦ መሐሉ 93 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ ለአንድ ሰዓት ሙቀት ጠብቆ ያቆያል፣ ይህን ባህርይ አልወደውም። እንፋሎቱ ተመልሶ ቅርፊቱን ያረጥበዋል። ደወሉ እንደጮኸ ዳቦውን አውጥቼ የሽቦ መደርደሪያ ላይ አኖረዋለሁ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢላ አላስነካውም። ትኩሱን ከቆረጣችሁት ውስጡ ይለጠፋል፣ ያልበሰለ ይመስላል።

ታገሡት፣ ይክሳችኋል። ድንቹ ውስጥ ያለው ስታርች ቀድሞ ስለበሰለ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ዳቦው በሦስተኛው ቀን እንኳን ለስላሳ ነው። እርጥብ ስለሆነ ግን ሻጋታ ይወደዋል። የተረፈውን ቆራርጬ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ።

ታይመሩን ለዚህ ዳቦ አልጠቀምበትም። ወተትና የተፈጨ ድንች ሌሊቱን ሙሉ ክፍል ሙቀት ላይ ማደር የለባቸውም። ማታ ሞልቶ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ማግኘት የሚያምረው በውሃ ለሚሠራ ተራ ዳቦ ነው።

ከወራት በኋላ ማሽኑ ራሱ እንዴት ሆነ? ሞተሩ እንደ አዲስ ነው። ጠንካራ ሊጥ ሲያቦካ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ሥሩ የጎማ ምንጣፍ አድርጌለታለሁ። እንዳይጣበቅ የተቀባው ልባስ በክንፉ ዙሪያ መሳሳት ጀምሯል፤ ብረት ሳላስነካው እንዲህ መሆኑ ቅር አሰኝቶኛል። ክንፏ ዳቦው ሥር ተቀብራ መውጣቷም ያናድዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመጨረሻው ማቡካት ሲያልቅ እጄን ዱቄት ነክቼ ሊጡን አነሳለሁ፣ ክንፏን አወጣለሁ፣ ሊጡን አስተካክዬ እመልሰዋለሁ። ያኔ ቀዳዳው ከዘንጓ የምትቀር ትንሽ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ድስቱን ለብ ባለ ውሃ ሞልቼ እዘፈዝፈዋለሁ እንጂ አልፈገፍገውም። ሙሉ ድስቱን ውሃ ውስጥ አልነክረውም፣ ክንፏ የምትሰካበት ዘንግ ሥር ያለው ውሃ የሚከለክል ማሸጊያ በጊዜ ብዛት ሊያፈስ ይችላል።

ከኦቨን ጋር ካነጻጸርኩት በቅርፊት ኦቨን ያሸንፋል። የማሽኑ ቅርፊት ጎኑ ወፍራም፣ አናቱ ገርጣ ያለ ነው። ውስጡ ግን ክሩ የሚዘረጋ፣ እኩል የተነፋ፣ ቀለሙም ወርቃማ ነው። በእጄ አቡክቼ እንዲህ ያለ ውስጥ አላገኘሁም። በሥራ ቀን ሙሉውን ለማሽኑ እተዋለሁ፣ እንግዳ ሲኖር በማሽኑ አቡክቼ በኦቨን እጋግራለሁ።

ልትገዙ ካሰባችሁ ሚዛን የሌለው ቤት መጀመሪያ ሚዛን ይግዛ። ማሽኑን ስትመርጡ ደግሞ ከፕሮግራሞቹ ብዛት በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ድስቱና ክንፏ ለብቻቸው መለዋወጫ አላቸው ወይ? መብራት ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል ወይ?