«አዲስ ራውተር አትግዢ» ያለኝን ልጅ አመስግኑልኝ

ሰላም ጎረቤቶቼ፣ ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ የቤቴን ኢንተርኔት ያስተካከለልኝን ልጅ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ቤታችሁ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ የተማረራችሁ ካላችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውጭ አገር ለተወለዱ የሐበሻ ልጆች በዙም አማርኛ አስተምራለሁ። አውሮፓ ያሉትን በሥራ ቀን ማታ ማታ ነው የማገኛቸው። አሜሪካ ያሉት ቅዳሜ ናቸው። እኛ ጋ አመሻሽ ሲሆን እነሱ ገና ቁርሳቸውን በልተው ይቀመጣሉ። እንግዲህ ኢንተርኔት ከሌለ እንጀራዬ የለም።

ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ግን ማታ ማታ ማስተማር አቃተኝ። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብዬ ሳልጨርስ ምስሌ ድርቅ ይላል። አንዷ የ7 ዓመት ተማሪዬ «ቲቸር፣ የት ሄድሽ?» እያለች ስትጣራ ይሰማኛል። እኔ «አለሁ፣ አለሁ» እላለሁ፣ እሷ ጋ አይደርስም። ትንሽ ቆይቶ የእሷም ድምፅ ይጠፋል። የአንድ ተማሪዬ እናት በትሕትና «ኢንተርኔቱ እስኪስተካከል ብናቆየውስ?» ብላ ስትጽፍልኝ እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ያልሞከርኩት የለም። አንድ ባለሙያ መጥቶ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ የዋይፋይ ማራዘሚያ ሸጠልኝ። ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ ደረሰ፣ መቆራረጡ ግን ያው ነው። ሌላው ጥቅሉን ከፍ አድርጊ አለኝ፣ ከፍ አደረግኩ። በየወሩ የምከፍለው ጨመረ እንጂ ምንም አልተለወጠም። ሦስተኛው ራውተሩን ገልበጥ አድርጎ አየና «አርጅቷል፣ ቀይሪው» አለኝ። ለእሱም ብር መድቤ ነበር።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት። ከመምጣቱ በፊት በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «እህቴ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚያስቸግርሽ?» እስከዛሬ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። «ቀን ደህና ነው፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው የሚብሰው» አልኩት። «እንግዲያው 10 ሰዓት ላይ መጥቼ እስኪመሽ እቆያለሁ» አለ።

እንዳለውም መጣ። ምንም ሳይነካ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፔ ገመድ ሰካ። «መጀመሪያ ዋይፋዩን እናውጣው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ» ብሎ ሁለት መስኮት ከፈተ። አንዱ ራውተሩን በየሰከንዱ «አለህ?» እያለ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ውጭ ያለ አድራሻ ይጠይቃል። «ራውተሩ እየመለሰ የውጩ ከጠፋ ችግሩ ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከጠፉ ራውተሩ ራሱ ነው። በገመድ ደህና ሆኖ በስልክ ከተቆራረጠ ደግሞ ዋይፋዩ ነው።» ይኸው ነው። እኔ ግን ስንት ብር ያወጣሁት ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው።

ቀኑን ራውተሩ ሁሌ ይመልሳል፣ የውጩ ግን አልፎ አልፎ ይዘላል። ልጁ ቦርሳው ውስጥ የፋይበር ብርሃን መለኪያ ነበረው። መስመሩን ነቅሎ ሲለካ 28.6 ከዜሮ በታች አለ። እንደ ነገረኝ ከሆነ ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ብርሃኑን በደንብ የሚያነበው እስከ 27 ከዜሮ በታች ድረስ ነው። ከዚያ ሲወርድ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ቁጥሩ በ3 በወረደ ቁጥር ደግሞ የሚደርሰው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚያ መስመሩን በእጁ እየተከተለ ሄዶ ቡፌው ጋ ቆመ። ቡፌውን ሁለታችን ገፋ ስናደርገው ፋይበሩ በግድግዳውና በቡፌው መሀል ተጣጥፎ ተገኘ። ለአዲስ ዓመት ቤት ሳጸዳ ያስጠጋሁት እኔው ነኝ። ፋይበር ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። ሲታጠፍ ባይሰበር እንኳን ብርሃኑ በእጥፋቱ ላይ ያመልጣል።

እማዬ ቡና አፍልታ ነበር። ልጁ ከረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ አነሳና መስመሩን በስኒው አፍ ዙሪያ ጠቅልሎ አሳየን። «ማዘር፣ ከዚህ ስኒ አፍ የጠበበ ጥምዝ አታድርጉበት። በዚህ ልክ ከሆነ አይጎዳም።» እማዬ እስከዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስኒውን እያሳየች ታስረዳለች። የፋይበሩን ጫፍም በአልኮል ጠረገው። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫፉን ላይ ስል በእጁ ከለከለኝ። መብራቱ ለዓይን አይታይም፣ ግን ሌዘር ስለሆነ ዓይን ይጎዳል። ልጆች ያላችሁ ይህን አደራ። መልሶ ሲለካ 21 ከዜሮ በታች ላይ ቆመ።

እኔ በቃ ተፈታ ብዬ ሒሳብ ልከፍል ስል «ቆይ፣ ገና አልመሸም» አለኝ። «የማታውን ችግር ሳላይ ከሄድኩ ምን ሠራሁ ልልሽ ነው?» ተቀምጦ ቡናውን ጠጣ፣ ሦስተኛውም ደረሰ።

ወደ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ሕንፃው ውስጥ ምጣዱም ምድጃውም ሲበራ የእኛ አምፖል ደብዘዝ አለ። ወዲያው የራውተሩ መብራቶች ሁሉ ድርግም ብለው ጠፉና አንድ በአንድ መብራት ጀመሩ። ላፕቶፑ ላይ ሁለቱም መስኮቶች አንድ ላይ ዝም አሉ። «አየሽ? ይሄ መስመር መቋረጥ አይደለም። ራውተሩ ጠፍቶ ነው የተነሳው» አለኝ። ከዚያ ሶኬቱ ጋ ተንበርክኮ አዳፕተሩን ነቀለና በስልኩ ባትሪ ጽሑፉን አነበበልኝ። ራውተሩ 12 ቮልትና 1.5 አምፒር ይላል። አዳፕተሩ 12 ቮልትና 0.5 አምፒር። በክረምቱ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የድሮው ተቃጥሎብኝ ነበር። ጫፉ ልክ ስለገባ ብቻ ከገበያ የገዛሁት ነው። ቀን ቀን እንደምንም ተንጠልጥሎ ይሠራል፣ ማታ ኃይል ሲወርድ ይከዳዋል። እባካችሁ፣ አዳፕተር ስትገዙ ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም በላይ ይሁን፣ ከዚያ አይነስ።

ከቦርሳው ትክክለኛውን አውጥቶ ደረሰኙን እያሳየኝ በገዛበት ዋጋ ሰጠኝ። «አዲስ ራውተርስ ልግዛ?» ስለው «አትግዢ፣ ይሄ ምንም አልሆነም» አለኝ። ጥቅሉንም ወደ ድሮው እንድመልሰው ነገረኝ፣ ምክንያቱም አንድ የዙም ትምህርት በሰከንድ ከ4 ሜጋቢት ብዙም አይበልጥም። የከፈልኩት ሒሳብ ማራዘሚያ ለሸጠልኝ ሰው ከከፈልኩት ግማሽ አይሞላም።

ዋይፋዩንም ሳያየው አልሄደም። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ከመስታወትና ከብረት ትሪ ኋላ ነበር። አውጥቶ ከኮሪደሩ በር በላይ ሰቀለልኝ። ስልኩ ላይ የጎረቤት ዋይፋይ ከ20 በላይ ቆጠረ፣ አብዛኞቹም አንድ ቻናል ላይ ተደራርበዋል። የእኛን ሰው ወደሌለበት አዞረው። ላፕቶፔን ደግሞ 5 ጊጋ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ አስገባው። እሱ ግድግዳ ብዙ አያልፍም፣ ግን እኔ የማስተምረው እዚያው ሳሎን ስለሆነ ይበቃኛል።

ይኸው አምስት ሳምንት ሆነ፣ አንድ ክፍል አልተቋረጠብኝም። ያቆመችው ተማሪዬም ተመልሳለች፣ «ለ» ላይ ደርሰናል። ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ ስምህን ሳትጠራ አትውልም። እጅህን ይባርከው።

ለምትፈልጉት እውነቱን ልንገራችሁ። ሥራ ላይ ሲሆን ስልክ አያነሳም፣ መልእክት ላኩለት፣ ማታ ይመልሳል። ቀጠሮው አንዳንዴ አንድ ሳምንት ይርቃል። ከቤት ውጭ ያለውን መስመር አይነካም፣ «እሱ የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ሥራ ነው» ይላል። ሳጥናችሁ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» (LOS፣ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው) የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ከቆየና መስመሩ ቤት ውስጥ ካልታጠፈ፣ ለእሱ ሳይሆን በቀጥታ ለድርጅቱ ደውሉ። እሱም የሚላችሁ ይህንኑ ነው።

ቁጥሩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፣ እዚህ አደባባይ ላይ ግን አልለጥፈውም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከማታ 3 ሰዓት በኋላ እመልሳለሁ፣ ከዚያ በፊት ክፍል ነኝ።